የቴክሳሱ በርሜል በአዲስ አበባ አየር

ሥጋንና ጭስን ማገናኘት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቋንጣ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠግብ፣ የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን ያላየ አንባቢ ጥቂት ይሆናል። አንድ ሙሉ የበሬ ፍርምባ ከአሥር ሰዓት በላይ በዝግታ እሳት ላይ አቆይቶ በጣት እስኪቆረስ ድረስ ማለስለስን ግን የተዋወቅነው ለዶክትሬት ትምህርት ቴክሳስ በነበርንበት ዘመን ነው። በማዕከላዊ ቴክሳስ፣ ሎክሃርትን በመሳሰሉ ከተሞች፣ ከጀርመንና ከቼክ አገር የፈለሱ ሥጋ ሻጮች ያስፋፉት ይህ ልማድ ባርቤኪው ይባላል። ነባሮቹ ቤቶች ሥጋውን የሚያጥኑት ትልልቅ የጡብ ምድጃ ላይ ነው። ተማሪ ግን የጡብ ምድጃ ከየት ያመጣል? ባዶ የብረት በርሜል ፈልጎ ይበሳል።

በርሜሉ ሁላችንም የምናውቀው ባለ 208 ሊትሩ ነው። (በነገራችን ላይ፣ የዚህ ዓይነቱ የብረት በርሜል የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. ለሄንሪ ዌርሃን ሲሰጥ፣ የፋብሪካው ባለቤት ዓለምን በ72 ቀናት የዞረችው ጋዜጠኛ ኔሊ ብላይ ነበረች።) ውስጣዊ ስፋቱ 57፣ ቁመቱ 88 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከታች የከሰል ቅርጫት ይቀመጣል፤ ከከሰሉ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የብረት ፍርግርግ ይዘረጋል፤ ሥጋው በፍርግርጉ ላይ ያርፋል። ከበርሜሉ ግርጌ አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች፣ ከክዳኑ ላይ ደግሞ ጭስ ማውጫዎች ይበሳሉ። ሥራው ይኸው ነው።

የመሣሪያው ምሥጢር ያለው በቀዳዳዎቹ ላይ ነው። በምድጃችን እሳት ሲደክም እንጨት እንጨምራለን። በበርሜሉ ውስጥ ግን ከሰሉ ከመጀመሪያው ሞልቶ ይቀመጣልና የእሳቱን ኃይል የሚወስነው የሚገባው አየር ነው። ውስጡን 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ኃይል አነስተኛ ነው። ሁለት ካሬ ሜትር ገደማ ከሆነው የበርሜሉ ገጽ የሚያመልጠውን ሙቀት ስናሰላ 1.5 ኪሎዋት ያህል እናገኛለን፤ ይህም የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንድ ኪሎ ከሰል 30 ሜጋጁል ያህል ስለሚሰጥ በሰዓት 180 ግራም በቂ በሆነ ነበር። በተግባር ከዚህ በላይ ይነዳል፤ ያልተቃጠለ ጋዝና ትኩስ አየር ጉልበቱን ይዘው በክዳኑ ይወጣሉና።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር አንድ በርሜል ለመሥራት ተነሣን። በርሜሉን ያገኘነው ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢያችንን ጥቂት ማቆየት እንወዳለን። ለበርሜሉ ሻጭ መቅረብ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ምን ይዞ ነበር?» የሚለው ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል የያዘ በርሜል ለምግብ አይሆንም፤ አሥር ጊዜ ቢታጠብም አይሆንም። ነዳጅ የያዘው ደግሞ ገና ከመሠራቱ በፊት ሊገድል ይችላል። የቤንዚን ተን ከአየር ጋር ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲቀላቀል በአንዲት የብረት መቁረጫ ፍንጣሪ ይፈነዳል። 208 ሊትር የሚይዝ በርሜልን ወደዚህ አደገኛ መጠን ለማድረስ የቡና ሲኒ ሩብ የማይሞላ ቤንዚን ቢተን ይበቃል። ስለዚህ «ባዶ ነው» የተባለው በርሜል ከሞላው ይልቅ ያስፈራል። እኛ የምግብ ዘይት የያዘ በርሜል መረጥን፤ ያም ሆኖ ክዳኑን ከመቁረጣችን በፊት ከሚቆረጠው መስመር ጥቂት ዝቅ እስኪል ድረስ ውኃ ሞላንበት። ውኃ የያዘውን ቦታ ተን ሊይዘው አይችልም።

የዘይት በርሜል ውስጡ በቀለም መሰል ሽፋን የተለበጠ ነው። ሽፋኑን ሜዳ ላይ ኃይለኛ የእንጨት እሳት ለሁለት ሰዓት አንድደን አቃጠልነው፤ የቀረውንም በሽቦ ብሩሽ ፋቅነው። ፍርግርጉንና ቅርጫቱን ዚንክ ካልተለበጠ ብረት አሠራን። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በጣም ሲግል የሚወጣው ጭስም በብየዳ ሠራተኞች ዘንድ በሚታወቀው ብርድ ብርድ በሚል ትኩሳት ይጥላል።

ቀዳዳዎቹን በቴክሳስ ልክ በሳናቸው፦ ከግርጌ አራት ባለ 19 ሚሊ ሜትር፣ ከክዳኑ ስምንት ባለ 13 ሚሊ ሜትር። በመጀመሪያው ቅዳሜ እንግዶች ጠርተን፣ ከሰሉን ከንጋት በፊት ለኩሰን ጠበቅን። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተከፍተው እንኳ የበርሜሉ መጠነ ሙቀት ከ90 ዲግሪ ፈቀቅ አላለም። ከክዳኑ የሚወጣውም ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ሳይሆን ወፍራምና ነጭ፣ ዓይን የሚለበልብ ጭስ ነበር። ሲመሽ የቀመስነው ሥጋ ሬት ሬት ይል ነበር። እንግዶቻችን በትሕትና ቢላዋና ሚጥሚጣ ጠይቀው ከጥሬው ቆረጡ።

ጥፋቱ የቀዳዳ ሳይሆን የአየር ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የአየሯ ግፊትም ሆነ እፍግታ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ትኩስ ጭስ ሽቅብ ሲወጣ ከታች አየር ይስባል፤ የዚህ ስበት ፍጥነት የሚወሰነው በውስጥና በውጭ አየር እፍግታ ንጽጽር በመሆኑ በከፍታ አይለወጥም። በአንድ ቀዳዳ በሴኮንድ የሚገባው የአየር ይዘት ያው ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን በአንድ አራተኛ ይቀንሳል። የጎደለውን ለመተካት የቀዳዳው ስፋት በአንድ ሦስተኛ ማደግ አለበት። 19 ሚሊ ሜትር የነበረውን 22 ብናደርገው ሒሳቡ ይሞላል፤ የክዳኑንም ወደ 15 አሰፋናቸው። ጠንቃቃ አንባቢ፣ ሳሳ ያለ አየር ከበርሜሉ ገጽ የሚወስደው ሙቀትም አነስተኛ ነው ሊለን ይችላል። እውነት ነው፤ ሆኖም የጨረራው ብክነት አይቀንስም፤ ደግሞም የሰፋ ቀዳዳ በክዳን ይጠባል፣ የጠበበ ግን እሳት ላይ እያለ አይሰፋም።

በሁለተኛው ሙከራ በርሜሉ ያለ ችግር 110 ዲግሪ ላይ ቆመ። የሥጋው መጠነ ሙቀት ግን ወደ 60ዎቹ ዲግሪ ደርሶ ለሰዓታት አልንቀሳቀስ አለ። ይህ ቴክሳሶችም የሚያውቁት ፈተና ነው። ብዙዎች ስቡ ወይም ኮላጅኑ እየቀለጠ ሙቀቱን የሚወስደው ይመስላቸው ነበር፤ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ግሬግ ብሎንደር ግን እርጥብ ስፖንጅና የስብ ሙዳ ለየብቻ አሙቆ አከራካሪውን ጉዳይ ፈታው። የቆመው ስብ የሌለበት ስፖንጅ ሲሆን ስቡ ያለ ማቋረጥ ሞቀ። ሙቀቱን የሚወስደው ትነት ነው፤ ሥጋው እንደ ሰው ያልበዋል። አራት ኪሎ ሥጋን ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ለማድረስ 0.7 ሜጋጁል ሲበቃ፣ አንድ ኪሎ ውኃ ከላዩ ለማትነን 2.3 ሜጋጁል ያህል ያስፈልጋል። መፍትሔው ሥጋውን በወረቀት መጠቅለል ወይም መታገሥ ነው። ታገሥን።

ከዚያ በኋላ የገጠመንን ግን ቴክሳስ አላስተማረችንም። እዚያ ፍርምባ «ደርሷል» የሚባለው ልቡ 95 ዲግሪ ሲሆን ነው። የእኛው 91 ደረሰ፣ 92 ደረሰ፤ ከዚያም ቀጥ አለ። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ ሦስት ጠበቅን። ሥጋው ደረቀ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች ይህን አስቀድመን አለማሰባችን ዛሬም ያሳፍረናል፤ የውኃ ነጥበ ፍሌት በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ነው! እርጥበት ያለው ሥጋ ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም። እኛ የጠበቅነው ሥጋው እስኪበስል ሳይሆን ውኃው አልቆ ቋንጣ እስኪሆን ነበር። ጅማቱን ወደ ጄላቲን የሚለውጠው 95 የተባለው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ለውጡ ከ70 ዲግሪ ጀምሮ በዝግታ ይካሄዳል፣ መጠነ ሙቀቱ ሲጨምርም ይፈጥናል። በከፍታ ቦታ የጎደለውን ዲግሪ በጊዜ መክፈል ይገባል። ዛሬ በ88 እና በ90 መካከል አቆይተን በቀጭን ሹል እንወጋዋለን፤ ሹሉ ቅቤ እንደሚወጋ ከገባ ደርሷል።

ለጭሱ ከከሰሉ ጋር ሦስት አራት ቁራጭ ደረቅ ወይራ እንጨምራለን። የብርቱካን እንጨትም መልካም ነው። ባሕር ዛፍና ጽድ ግን ዘይትና ሙጫ ስላላቸው አይመከሩም።

ሥጋው ሲቆረጥ ከውጭው ጠርዝ ወደ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚገባ ሮዝ ቀለበት ይታያል። ያልበሰለ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ቀለበቱን የሚሠሩት ከእሳቱ የሚወጡት ናይትሪክ ኦክሳይድና በከፊልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሥጋው ማዮግሎቢን ጋር ተጣብቀው ቀይነቱን ሲያጸኑት ነው። አየር የተነፈገ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድን በብዛት ያመርታል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የማዮግሎቢን ዘመድ ከሆነው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋርም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። በርሜላችን ደግሞ በተፈጥሮው አየር የተነፈገ እሳት ነው። ሥራው ሲያበቃ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ብንደፍንም ከሰሉ ቶሎ አይሞትም፤ ብረቱ ለብ እያለ ጋዙ በስንጥቁ ሁሉ ይወጣል።

በአንድ የሐምሌ ማታ ዝናብ ሲጥል፣ የግቢው ጥበቃ የሆኑ አዛውንት በርሜሉን እየዳበሱ፣ «ዶክተር፣ ይህን የመሰለ ሙቀት ሜዳ ላይ ከሚቀር ወደ ማደሪያዬ ባስገባው ምን ይለዋል? ጭስ እንደሆነ የለውም» አሉን። ጭስ የለውም ማለታቸው ልክ ነበር። ቁጭ ብለን ከላይ የጻፍነውን ሁሉ በምንችለው መንገድ አስረዳናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ በልጅነታቸው ከሰል ባለበት ቤት በር ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ጎረቤቶች እንደነበሯቸው ነገሩን፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ነገሩን ምች ነው ሲሉ ነበር። በርሜሉን አብረን ገፍተን ከማደሪያቸው ራቅ ወዳለው የግቢው ጥግ ወሰድነው፤ ለእርሳቸው ከተረፈው ፍርምባ ቆርሰን፣ የሚደርቡት ካፖርት ጨምረን ሰጠናቸው። በርሜሉ ዝናብ ላይ አደረ።