ለክርስትና ልጅ ምን ይሰጣል?

«ክርስትና አንሣልን» ተብሎ መጠየቅ ክብር ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ወጣት፣ ወይም ገና በትምህርት ላይ ያለ ተማሪ፣ ይህ ጥሪ ከጓደኛው ወይም ከዘመዱ ሲደርሰው ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ ደስታው ሳይበርድ «ምን ይዤ ልሂድ?» የሚል ሐሳብ ይከተላል። የወርቅ ቤቱን መስኮት ይመለከትና የደመወዙን ልክ ያሰላል፤ እገሌ ባለፈው ወር ያደረገውንም ያስታውሳል። በመጨረሻ አንዱ ተበድሮ ይገዛል፤ ሌላው «በዚያን ቀን ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር እወጣለሁ» ብሎ ምክንያት ይሰጥና ያመልጣል።

ሁለቱም መንገዶች ጉዳት አላቸው። የተበደረው ሰው አበልጁን ባየ ቍጥር ዕዳው ትዝ ይለዋል። ያመለጠውም ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ የሚችለውን ዝምድና በአንዲት ቀለበት ዋጋ ያጣዋል። ስለዚህ ለክርስትና ልጅ የሚገባው ስጦታ የትኛው እንደ ሆነ ከወጣት አንባቢዎቻችን ጋር ጥቂት ብንመካከር መልካም መስሎ ታይቶናል።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅም በተወለደች በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። ለወንዱ የክርስትና አባት፣ ለሴቷ የክርስትና እናት ትቆምላታለች፤ ስለ አባት የምንናገረውም ሁሉ ለእናቲቱ ጭምር ነው። ሕፃኑ ለራሱ መናገር ስለማይችል፣ በእርሱ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክደው፣ ወደ ምሥራቅም ዞሮ ሃይማኖቱን የሚመሰክረው የክርስትና አባቱ ነው። ሕፃኑ በውሃው ሦስት ጊዜ ተነክሮ ሲወጣ የሚቀበለውም እርሱ ነው። ከዚያም ሕፃኑ ቅብዐ ሜሮን ይቀባል፤ ማተብ ይታሰርለታል፤ ነጭ ልብስ ይለብሳል፤ ይቈርባል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አበልጅነቱ እንደ ሥጋ ዝምድና ስለሚቈጠር ጋብቻን እንኳ ይከለክላል።

እንግዲህ ቃሉን ልብ እንበል። ወላጆች የጠየቁት «አንሣልን» ብለው ነው እንጂ «ስጠን» ብለው አይደለም። የክርስትና አባት ዋና ስጦታ ራሱ ነው፤ በእጁ የሚይዘው ነገር የዚህ ምልክት ብቻ ነው።

የዝምድናውን ክብደት ታሪካችንም ይመሰክራል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጊዜ የወሎው መሪ መሐመድ አሊ «ሚካኤል» ተብለው ሲጠመቁ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የራስነትን ማዕረግ ሰጧቸው። ይህ የመንግሥት ጉዳይና ግፊት ያለበት ጥምቀት ስለ ነበር ለእኛ አርአያ አይሆንም። ነገር ግን ነገሥታቱ ከባድ ቃል ኪዳን ለማሰር ሲፈልጉ ክርስትና ማንሣትን የመረጡት ማሰሪያው ጠንካራ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

ስጦታን በአቅም መለካትም የእኛ አገር ወግ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የክርስትና አባቶች በእጀታው ጫፍ የሐዋርያ ምስል የተቀረጸበት የብር ማንኪያ ይሰጡ ነበር። ባለጸጋው የ12ቱን ሐዋርያት ሙሉ ማንኪያ፣ መካከለኛው አራቱን፣ አቅም ያነሰውም አንዲቱን ብቻ ይሰጥ ነበር። እኛም «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» እንላለን። ችግሩ ተረቱን እየተናገርን በድግስ ቀን መርሳታችን ነው።

ታዲያ ምን ይሰጥ? በመጀመሪያ የሚታሰበው ሥርዓቱ ራሱ የሚፈልገው ነው፤ ይኸውም ማተቡ፣ መስቀሉና ነጩ ልብስ ነው። አስቀድሞ «ከእነዚህ የቱ ተዘጋጅቷል?» ብሎ አባትየውን ወይም እናትየውን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሦስት ሰው ሦስት ልብስ ይዞ እንዳይመጣ ይረዳል። ልብሱ ከለስላሳ ጥጥ የተሠራ፣ ለማጥለቅና ለማውለቅ የማያስቸግር፣ ከሕፃኑ ልክም ጥቂት የሚሰፋ ቢሆን ይመረጣል። የአርባ ቀን ልጅ ፈጥኖ ያድጋልና በልኩ የተሰፋው ቀሚስ ከሁለት ወር አያልፍም።

መስቀሉ የግድ ወርቅ መሆን የለበትም። በአገራችን የብር መስቀል የቆየ ክብር አለው። በላዩ 1780 የሚለውን የአውሮፓ ዓመት እንደ ያዘ ለብዙ ዘመን ሲመታ የኖረው የማርያ ትሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም 23 ግራም የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኞቻችን ይህን ብር እያቀለጡ የአንገት መስቀልና ጌጥ ሠርተውበታል። ዛሬም በብር የተሠራች ትንሽ መስቀል ለማንም አታሳፍርም። ደግሞም በሕፃን አንገት ላይ ሰንሰለት ማድረግ፣ በጣቱም ቀለበት ማጥለቅ አደጋ አለው፤ ሰንሰለቱ ሊያንቀው፣ ቀለበቱን ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ወርቅ የሚሰጥ ሰው ቢኖርም ልጁ እስኪያድግ ድረስ በሣጥን ይቀመጥ።

ሁለተኛው ነገር እናቲቱን ማሰብ ነው። ብዙ ሰው የቈርቈሮ ወተትና ጡጦ ይዞ ይሄዳል። ሐኪሞች ግን ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራሉ። ስለዚህ ለሚያጠባው አካል የሚጠቅም ነገር፣ ማለትም የአጥሚት እህል፣ ቅቤ፣ ማር ቢወሰድ ስጦታው በእናቲቱ በኩል ለልጁ ይደርሳል። እናቶቻችን ይህን ከሐኪም ሳይሰሙ ያውቁት ነበር።

ሦስተኛው ከልጁ ጋር የሚያድግ ስጦታ ነው። በገጠር የክርስትና አባት ጊደር ወይም ግልገል ቢሰጥ፣ ጊደሯ ወልዳ ተዋልዳ ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ መቋቋሚያ ልትሆነው ትችላለች። በከተማ የሚኖረው ወጣት ሠራተኛ የሚያስርበት ጋጣ ባይኖረውም፣ ከወላጆች ጋር ተነጋግሮ በልጁ ስም የቍጠባ ሒሳብ እንዲከፈት ማድረግና በዓመት በዓል ቀን ጥቂት ጥቂት መጨመር ይችላል። ዛሬ ተበድሮ ብዙ ከማስገባት ይልቅ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ጥቂት መጨመር ይሻላል፤ የክርስትና አባት በዚሁ ምክንያት ልጁን በየዓመቱ ያየዋልና።

ገንዘብ የሌለው ተማሪስ? ለእርሱም ቦታ አለ። አንድ መዝሙረ ዳዊት ገዝቶ በፊተኛው ገጽ ላይ ልጁ የተጠመቀበትን ቤተ ክርስቲያን፣ ቀኑንና የክርስትና ስሙን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጽፎ ይስጥ። የክርስትና ስም ለቍርባንም፣ ለጸሎትም፣ በመጨረሻም ለፍትሐት የሚጠራ ሲሆን፣ ስማቸውን ረስተው የሚቸገሩ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ይህ ስጦታ ከብዙ ወርቅ የበለጠ ይፈለጋል።

ጽሕፈት ቤት የሚያውቅ ወጣት ሠራተኛ ደግሞ በእግሩ የሚሰጠው ነገር አለው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የወሳኝ ኵነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይገባዋል። የወንዱ 40 ቀንና የሴቷ 80 ቀን ሁለቱም በዚህ ጊዜ ውስጥ ያርፋሉ። እንዲሁም የሕፃናት ክትባት አንዱ ቀጠሮ በ6ኛው ሳምንት ነው፤ ይህም የወንዱ ልጅ ክርስትና በሆነ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። በድግሱ ግርግር ሁለቱም ሊረሱ ይችላሉ። «የልደት ምስክር ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ፤ ለክትባቱም አብሬ እሄዳለሁ» የሚል የክርስትና አባት ምንኛ መልካም ስጦታ ሰጠ! ወረቀቱ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ይፈለጋል፤ ክትባቱም እስከዚያ በጤና እንዲደርስ ይረዳዋል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። የክርስትና አባትን በኪሱ መምረጥ ልጁን መጕዳት ነው። ባለ ገንዘቡ ወርቁን አስሮ ሲሄድ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ልጁ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ትምህርት ሲሰንፍ የሚቈጣው፣ ወላጅ ቢጐድልበትም «የእኔ ነው» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ይህን የሚያደርግ ወጣት ባዶ እጁን ቢመጣ እንኳ ደስ ብሏችሁ ተቀበሉት፤ የማን ስጦታ ምን ያህል እንደ ሆነም በእንግዳ ፊት አይነገር።

ስለዚህ ውድ ወጣቶች፣ ክርስትና አንሡ ስትባሉ አትሽሹ፤ አትበደሩም። የምትችሉትን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ግን ደግማችሁ ሂዱ። ልጁ አድጎ «የክርስትና አባቴ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በሣጥን ያለ ጌጥ አውጥቶ ከማሳየት ይልቅ «ያውልህ፣ መጣ» ብሎ ወደ በሩ ማመልከት ይበልጣል።