እናት ሥራ ስትውል ትንንሾቹን ማን ይይዛል?

ሀና ማርያም በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ትገኛለች። ዛሬ ቤቱ ከቤት ተጠጋግቶ፣ ባጃጁና ታክሲው ተጋፍቶ ሲታይ ለማመን ያስቸግር ይሆናል እንጂ፣ አካባቢው ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የሚታረስ መሬትና ከብት የሚሰማራበት መስክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ በዋና ከተማዋ ዳርቻ የሚኖሩ ገበሬዎችም እንደ ሌላው የአገሪቱ ገበሬ በማኅበር ተደራጅተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማው ራሱ ወደ ገበሬው መጣ። ማሳው የመኖሪያ ሰፈር፣ መጋዘንና ፋብሪካ ሆነ።

ለገበሬ ማኅበር መሪዎች በሚቀርብ ገጽ ላይ ስለ ከተማ ሰፈር መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ አንድ ነው። በሀና ማርያም ጎልቶ የሚታየው የሠራተኛ እናት ችግር በየገጠሩ ተሸፍኖ ያለ ችግር ነው። ይኸውም እናት ለሥራ ከቤት ስትወጣ ትንንሽ ልጆቿን ማን ይዞ ይውላል የሚለው ነው።

ገበሬዋ እናት ሕፃኗን በአንቀልባ አዝላ ታርማለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ገበያ ትወጣለች። ሕፃኑ ከጀርባ ሲወርድ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና ታላቅ እኅቱ ትጠብቀዋለች፤ አያት ካለች ከአያት ጋር ይውላል። ሥራውና ልጁ አንድ ቦታ ስለሚውሉ እናቲቱ ጡት ለማጥባት ከማሳው ዳር አረፍ ማለት ብቻ ይበቃታል። እርሻው ሲቀርና እናት ደመወዝ ወይም የቀን ሒሳብ ወደሚከፈልበት ሥራ ስትሄድ የሚፈርሰው ይህ ሥርዓት ነው። ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ወደ ሕንፃ ግንባታ ወይም ወደ ሰው ቤት ሕፃን ታዝሎ አይገባም።

ከሀና ማርያም ብዙም በማይርቁት በመካኒሳ፣ በፉሪና በሳሪስ አትክልት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ነበር። አክሱማዊት ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ተመራማሪ በእ.ኤ.አ. 1994 በታተመ ጥናታቸው እንደገለጹት፣ አባላቱ ከሚያመርቱት አትክልት ለቤታቸው እያስቀሩ የቀረውን ይሸጡ ነበር። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የተሰማራች እናት ልጇን ከመደቡ ዳር አስቀምጣ ጎመን ልትቆርጥ ትችላለች። ፋብሪካ የተቀጠረችው ጎረቤቷ ግን ይህ የላትም።

ለምሳሌ ያህል የዘጠኝና የሦስት ዓመት ሴቶች ልጆች ያሏት አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ በሀና ማርያም ቀኗን እንዴት እንደምታሳልፍ እናስብ። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትነሣለች። ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነና ተራው ሌሊት ከዋለ፣ ከዚያም ቀድማ ጄሪካኑን መሙላት አለባት። ማታ የጋገረችውን እንጀራ ታሰናዳለች፣ ወጡን ታሞቃለች፣ የልጆቹን ልብስ ታወጣለች። የሴት ልጅ ፀጉር ጊዜ ስለሚፈጅ ብዙ እናቶች እሑድ ከሰዓት በኋላ ሹሩባውን ሠርተው ለሳምንቱ ይገላገላሉ። ፈረቃዋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የሚጀምር ከሆነ ከቤት የምትወጣው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በመካከሉ ባለው ክፍተት የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ የቤቱ እናት ትሆናለች። እኅቷን ታለብሳለች፣ ቁርሷን ታጎርሳታለች፣ በሩን ቆልፋ ጎረቤት ታደርሳታለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች።

ጎረቤቲቱ የታመመች ወይም ለቅሶ የሄደች ዕለትስ? ያን ዕለት ታላቂቱ ትምህርት ቤት አትሄድም። ይህ በወር አንድ ቀን ቢሆን ትምህርቷን መከታተል ትችላለች። በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ሲሆን ግን ሒሳቡ ይከብዳታል፣ በፈተና ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ቀጥሎም «ልጅቷ ትምህርት አይገባትም» መባል ይመጣል። ያልገባት ግን ክፍል ውስጥ ስላልነበረች ነው። በእርሷ ቦታ ወንድ ልጅ ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ገበታ እንዲቀር ይደረግ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ትንሿን ብቻዋን ቆልፎባት መሄድ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ፍም ያለበት የከሰል ምድጃ፣ የፈላ ውኃ፣ ነጭ ጋዝና በረኪና ከሕፃን እጅ አይርቁም። እናቲቱ እጇ ስፌት መኪናው ላይ ቢሆንም ልቧ እቤት ነው።

ይህን ሸክም የሚያቀል ሥራ አልተሠራም ማለት አይቻልም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማቅረቡ ለሠራተኛ እናት የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ያህል ጠቅሟል። ምሳ ዕቃ መቋጠሩ ቀርቶላታል፤ ልጅቷም ተርባ አትውልም። የሕፃናት ማቆያዎችን የማስፋፋት ጥረትም አለ። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት በሐምሌና በነሐሴ ይዘጋል፤ ፋብሪካው አይዘጋም። የሀና ማርያም እናት ከሁሉ ይልቅ የምትጨነቀው በእነዚህ ሁለት ወሮች ነው። የገጠሯ እናትስ? ለእርሷም ቢሆን ሐምሌና ነሐሴ ጤፉ የሚዘራበት፣ በቆሎው የሚኮተኮትበት፣ አረሙ ፋታ የማይሰጥበት ጊዜ ነው። ጭቃና ብርድ ስላለ ሕፃኑን ከማሳ ዳር ማስቀመጥም አይቻልም። ሁለቱ እናቶች በአንድ ወቅት አንድ ዓይነት ችግር ላይ ይወድቃሉ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በሀና ማርያም ዕለት ተዕለት የሚሠራበት ነገር ነው። ጎረቤት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ሰፈሩ አይቷል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በሀና ማርያምና በአካባቢው ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ቤተሰቦችም በክረምት መግቢያ ላይ ያለ መጠለያ ቀርተዋል። ስለ ይዞታው ክርክር ብዙ ሊባል ይቻላል። ለያዝነው ጉዳይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው፣ መንደር ሲበተን ልጅ የምትይዘው ጎረቤትም አብራ መሄዷ ነው። መሬት ለከተማ ማስፋፊያ ወይም ለመንገድ ሲወሰድ ካሣ በአብዛኛው የሚሰላው ለቤቱ፣ ለዛፉና ለሰብሉ ነው። ወደፊት በሚመሩት ቀበሌ ተመሳሳይ ነገር የሚገጥማቸው መሪዎች ከድርድሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ጎረቤታሞች ተጎራብተው እንዲሰፍሩ መጠየቅን ባይዘነጉ መልካም ነው። ገንዘብ የማያስወጣ ጥያቄ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። ለአባትም 3 ቀን ፈቅዷል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። መልካም ሕጎች ናቸው። ነገር ግን የጉልት ቸርቻሪዋ፣ በሰው ቤት የምትሠራዋና የራሷን ማሳ የምታርመው ገበሬ በእነዚህ አይታቀፉም። ለእነርሱ የቅርብ መንግሥታቸው የቀበሌያቸው አስተዳደር ወይም ማኅበራቸው ነው።

የሕፃናት መዋያ ለገጠሩ እንግዳ ነገር አይደለም። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በ1972 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአንዳንድ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት መዋያዎች ተከፍተው ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥ ግን ገበሬው ከአምራች ማኅበራቱ በፍጥነት ወጣ። በዚያ ዘመን በግድ የተሠራው ብዙ ስለነበር መበተኑ አያስገርምም። ሆኖም ከማኅበሩ ጋር የወደቀውን ሁሉ የማይጠቅም ነው ብሎ መተው ትክክል አይመስለንም። መዋያው ከሚጠቅሙት አንዱ ነበር።

በቅርቡ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በመመሪያው ሁለት ነገሮችን አስገብቷል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራ ወጥታ ድጋፉን በቀጥታ እንድታገኝ፣ በሥራ ቦታም የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ነው። የመመሪያውን የመጀመሪያ ክፍል የሚያውቅ መሪ ብዙ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለው እንግዳ ለጉብኝት ሲመጣ ነው።

ሌላ አገርም ይህን ጉዳይ በቀላል መንገድ ጀምሯል። በሕንድ አገር ሚራ ማሃዴቫን የተባሉ ሴት በእ.ኤ.አ. 1969 በኒው ዴልሂ፣ እናቶች አሸዋና ድንጋይ በሚሸከሙበት አንድ የግንባታ ቦታ ላይ፣ በአቧራው ውስጥ ለተጣሉት ሕፃናት ድንኳን ተከሉ። ከዚያ ጅምር ተንቀሳቃሽ የሕፃናት መዋያ ድርጅት ተወለደ። በእ.ኤ.አ. 2005 የወጣው የአገሪቱ የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግም በአንድ የሥራ ቦታ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ አምስትና ከዚያ በላይ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ከመጡ፣ ከሴቶቹ አንዷ ሕፃናቱን እንድትጠብቅ ተመድባ እንደ ሌሎቹ ሙሉ የቀን ሒሳቧ እንዲከፈላት ደንግጎ ነበር።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ገበሬ ወንፈል ነው። አምስት እናቶች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ልጅ ቢኖራቸው፣ ዛሬ ባለው አሠራር አምስት ታላላቅ እኅቶች ከትምህርት ይቀራሉ፤ ወይም አምስቱ እናቶች በግማሽ ጉልበት ይሠራሉ። በወንፈል ቢሆን ግን አንዷ አምስቱን ሕፃናት ትይዛለች፣ አራቱ ማሳ ይውላሉ። እያንዳንዷ እናት ከአምስት ቀን አንዱን ለሕፃናቱ ትሰጣለች፤ አምስቱም ልጃገረዶች ክፍል ይገባሉ። የእርሻ በሬ በመቀናጆ የሚያርስ ገበሬ ለዚህ ስሌት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ጥንቃቄ ግን ያሻል። ጠባቂዋን የሚመርጡት እናቶቹ ራሳቸው መሆን አለባቸው፤ በሊቀ መንበሩ ዝምድና የተመረጠች ጠባቂ ልጅ አይሰጣትም። የዐሥርና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በጠባቂነት መመደብም ችግሩን ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ቦታው ጥላና አጥር ያለው፣ ከክፍት ጉድጓድና ከኩሬ የራቀ፣ ሽንት ቤት በአቅራቢያው የሚገኝ ይሁን። የሚጠጣው ውኃ የፈላ ይሁን፣ እጅ መታጠቢያ ሳሙና አይጥፋ። ልጁን ማታ የሚረከበው ጠዋት ያመጣው ሰው ወይም እናት የተናገረችለት ብቻ ነው። ትልቅ ቤት ተሠርቶ፣ ከበሮ ተመትቶ፣ በሁለተኛው ወር ቁልፍ ከሚንጠለጠልበት መዋያ ይልቅ በባሕር ዛፍ ምሰሶና በሣር ክዳን የተጀመረ ዳስ ይሻላል።

አባትስ የት ነው ለሚለውም መልስ ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በቤተሰባቸው አመራር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በተግባር ግን ልጅ መያዝ የሴት ሥራ ሆኖ ቀርቷል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም ክፍያ የሌለው የቤት ሥራ በአብዛኛው የወደቀው በሴቶች ላይ መሆኑን አሳይቷል። አንድ ሊቀ መንበር ሴት ልጁን ታቅፎ ስብሰባ ቢመጣ ይሳቅበት ይሆናል። ይሳቁ፤ በሦስተኛው ስብሰባ ሌላም አባት ይዞ ይመጣል።

የተፋሰስ ሥራ በሚከናወንባቸው አካባቢዎች ሕዝቡ በብዛት የሚወጣው በጥርና በየካቲት ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ለዝግጅት ይበቃሉ። በየልማት ቡድኑ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ስንት እንደሆኑ መቁጠር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛው ቆጠራ ያለው በትምህርት ቤቱ የስም መጥሪያ ላይ ነው። በገበያ ቀንና በአረም ወቅት የቀሩት ልጃገረዶች እነማን እንደሆኑ፣ ስንት ጊዜ እንደቀሩም መምህሩ በየስማቸው አንጻር ምልክት አድርጓል።