«ለቀቀ» የተባለው ልጅ

«እሱ ነው የበላን» አለኝ አንድ የሞጣ ልጅ። ለገና ከባሕር ዳር ወደ ብቸና ስወርድ አውቶቡሳችን ሞጣ ላይ ጎማ ሊያስተካክል ቆመ። እግሬን ላፍታታ ብዬ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ፕሌይስቴሽን ቤት ገባሁ። ጌም እንደምሠራ ሲሰሙ ጨዋታቸውን ትተው ከበቡኝ። «ጋሼ፣ ያን የካርታ ጌም የሠራውን ልጅ ታውቀዋለህ? ነጥባችንን ይዞ ነው የጠፋው።»

አውቀዋለሁ። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ አብረን ሠርተናል። ጌሙ ሲዘጋ የወጣው ማስታወቂያ «ባለሙያው በገዛ ፈቃዱ በመልቀቁ» ይላል። ልጁ ግን አልለቀቀም። አንድ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ኮምፒውተሩ ተቆልፎ ጠበቀው። ሰርቨሩን ያስዘጋው ደግሞ ኪራዩን አልከፍልም ያለው የድርጅቱ ባለቤት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያን ጊዜ ዝም አልሁ፤ ደመወዜን ከዚያው ነበር የምቀበለው። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ተጫዋቾች የሚያውቁት ፊት አንድ ነው። አፕዴት ሲወጣ መልስ የሚሰጣቸው፣ ስህተት ሲገኝ ይቅርታ የሚጠይቃቸው፣ ስሙ ጌሙ ላይ የተጻፈው ሰው። ስለዚህ ነገር ሲበላሽ እጃቸው የሚቀሰረው ወደዚያ ፊት ነው። ሰውየው ከሥራው ሲወጣ ደግሞ ጥርጣሬው ፍርድ ይሆናል፤ «ንጹሕ ቢሆን ለምን ይወጣል?» ይላሉ። ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይህ ነው። ኮዱን የጻፈው ሰው የሰርቨር ኪራይ አይከፍልም፤ የነጥብ ዋጋ አይተምንም፤ የመዝጊያውን ቀን አይቆርጥም። በጀት የሚይዘው ሰው ስም ጌሙ ውስጥ የትም አይገኝም፤ ስለዚህ የሚጠይቀው የለም።

በዓለም ላይ ትልቁ ማስረጃዬ ሪቻርድ ጋሪዮት ነው። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በመስከረም 1997 የወጣውን አልቲማ ኦንላይንን የሠራው እሱ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ዓለም ውስጥ አብረው እንዲኖሩ ካደረጉት ጌሞች ከቀዳሚዎቹ አንዱ። ተጫዋቾች በስሙ ሳይሆን በጌሙ ውስጥ ራሱ ይጫወተው በነበረው ንጉሥ ስም «ሎርድ ብሪቲሽ» ብለው ይጠሩታል። ጌሙ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ በነሐሴ 1997፣ አንድ ተጫዋች ንጉሡን በእሳት ገደለው፤ ወሬው እስከ ዛሬ ይወራል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቅርበት ነበራቸው።

በኋላ ኤንሲሶፍት ለሚባል የኮሪያ ኩባንያ ታቡላ ራሳ የሚባል ጌም መሥራት ጀመረ። ዓመታት ፈጀ፤ መሐል ላይ ፈርሶ እንደገና ተጀመረ። በኅዳር 2007 ሲወጣ የጋሪዮት ስም ከርዕሱ ፊት ተጽፎ ነበር። ገበያው አልሰመረም። በጥቅምት 2008 ጋሪዮት በሶዩዝ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ተጓዘ፤ አባቱም ጠፈርተኛ ነበር። ኩባንያው ጉዞውን ለጌሙ ማስተዋወቂያ አደረገው፤ የተጫዋቾችን መልእክት የያዘ ማከማቻ አብሮት ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሄደ። እንደተመለሰ በስልክ ከሥራ መሰናበቱ ተነገረው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኅዳር 11፣ ለተጫዋቾች በእሱ ስም የተጻፈ ደብዳቤ ወጣ፤ ከጠፈር ሲመለስ አዲስ ሐሳብ ስላደረበት በፈቃዱ መልቀቁን የሚገልጽ። በየካቲት 2009 መጨረሻ ጌሙ ተዘጋ።

አንድ ተጫዋች ይህን ደብዳቤ ሲያነብ ምን ይላል? «እኛን ጥሎ ጠፈር ለጠፈር ይዞራል» ይላል። 

ጋሪዮት ኩባንያውን በ2009 ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር የአክሲዮን መብቱ ነበር፤ ከተባረረ ለዓመታት የሚቆይለት መብት፣ በፈቃዱ ከለቀቀ ግን በ90 ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት የሚያልፍበት። በፈቃዱ ለቀቀ በመባሉ ገበያው በወደቀበት ጊዜ ተጣድፎ እንዲሸጥ ተገደደ። በሐምሌ 2010 በአሜሪካ የኦስቲን ከተማ ዳኞች ጉባኤ 28 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2011 አጸናው። «ለቀቀ» እና «ተባረረ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል 28 ሚሊዮን ዶላር ነበረ። ያን የስንብት ደብዳቤ አምኖ የፈረደ ተጫዋች የፈረደው በኩባንያው ቃል ነው።

ወዳጆቼ እዚህ ላይ ጋሪዮትን ነጻ ላወጣው የፈለግሁ ይመስላቸዋል። አይደለም። ታቡላ ራሳ ደካማ ጌም ነበር፤ ስሙን ርዕስ ላይ ያስጻፈ ሰው የጌሙን ጉድለት ይሸከማል። ከዚያ በኋላ በ2013 ከተጫዋቾች ገንዘብ አሰባስቦ የጀመረው ሽራውድ ኦፍ ዘ አቫታር በ2018 ሲወጣ ቅር የተሰኙት ብዙ ነበሩ፤ ቅሬታቸውም የሚደመጥ ነው። እኔ የምለው ሁለቱን ጥያቄ አትደባልቁ ነው። ጌሙ ጥሩ ነበር ወይ? ይህን ጌሙን ተጫውቶ መመለስ ይቻላል። ሰውየው እንዴት ወጣ? ይህን ግን ጌሙን በመጫወት አታውቁትም፤ ሰውየውን፣ አብረውት የሠሩትን፣ ካለም የፍርድ ቤት መዝገብን መጠየቅ ያስፈልጋል። በኛ አገር ሽማግሌ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ እንኳ ሁለቱንም ለየብቻ ሳይሰማ አይናገርም። በሞጣ ያሉት ልጆች ይህን ወግ ከአባቶቻቸው ያውቁታል። ስልክ ላይ ሲሆን ግን ይረሱታል።

ጋሪዮት ጠበቃ የሚገዛበት ገንዘብ ነበረው። የእኛው ልጅ የለውም። ውሉ ሁለት ገጽ ነው፤ የአክሲዮን መብት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ማስታወቂያውን የሚያስተባብልበት ቦታም የለው። ያለው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱም በፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ተበልቷል። ሌላ ሥራ ሲያመለክት የሚጠይቁት ሰዎች ያው ጌም ሲጫወቱ የነበሩ ወጣቶች ናቸው።

ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ለልጆቹ የቻልሁትን ያህል ነገርኋቸው። አንዱ «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርህም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ አሁን እናገራለሁ። ነጥባችሁን የወሰደ የለም፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ አብሮ ጠፍቶ ነው። ልጁ አልከዳችሁም፤ ተባርሯል። የሞጣና የብቸና ልጆች፣ ለጥምቀት አገሩ ሲመጣ ከታቦቱ ኋላ ታገኙታላችሁ፤ ቀርባችሁ ራሱን ጠይቁት።