ቸርኬው ያብረቀርቃል፤ ፍሬኑስ?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር ነው። ግን የወንድና የሴት ፍቅር አይደለም፤ የመኪና ፍቅር ነው። «አንተ ደግሞ መኪና አለህ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። የለኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈራችን ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። የሰው መኪና አጥቤአለሁ፣ ፈትቼአለሁ፣ ለሙከራም ነድቼአለሁ። ስለዚህ ባለመኪና ባልሆንም ትንሽ ልናገር።

መጀመሪያ አንድ ታሪክ ስሙኝ። ስሙን የማልጠራው አብሮ አደጌ ያገለገለች ትንሽ መኪና በገዛ በዓመቱ ዕቁብ ወጣለት። ያን ጊዜ ፍሬን ሲይዝ የፊት ጎማዋ እንደ ድመት ትጮሃለች። «ሸራው አልቋል፤ ብረት ለብረት እየተበላላ ነው» አልኩት። «እሺ፣ በሚቀጥለው ወር» አለኝ። የዕቁቡ ብር የት ገባ? አራት የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች፣ ወንበር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ማጉያ፣ በዚያ ላይ መኪናዋ መሬት እንድትስም ብሎ ሞላዋን አስቆረጠ። ሰፈሩ ሁሉ ዞር እያለ አየው። እኔም ቀናሁ፤ ምን ልዋሻችሁ!

አንድ እሁድ እናቱን እንጦጦ ማርያም አሳልሞ ሲመለስ «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ ቁልቁል ለቀቃት። ፍሬን እየረገጠ፣ እየረገጠ ወረደ። ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ እንደ ሰፍነግ ለሰለሰና ወለል ድረስ ገባ። የእጅ ፍሬን ስቦ፣ መሪውን ጠምዝዞ ከመንገዱ ዳር ካለ ቦይ ጋር አላተማት። ተመስገን ነው፣ ነፍስ አልጠፋም። የእናቱ ጉልበት ግን ተጎድቶ ሁለት ወር በከዘራ ሄዱ። ልጠይቃቸው ስሄድ ያሉኝ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም፦ «እኔ እኮ ውስጥ ነበርኩ ልጄ። ያ ሁሉ ጌጥ ለውጭ ሰው ነው።»

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። መኪና ስትገዙም ሆነ ስታሳምሩ ውስጥ ለሚቀመጠው ሰው አስቡ።

እስቲ ከጉልበት እንጀምር። የኛ ልጆች የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት የፈረስ ጉልበት አላት?» የሚል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ነች። አየሯ ስስ ነው፤ ቤንዚን ደግሞ ያለ አየር አይነድም። በዚህ የተነሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን እዚህ ያጣል። ወረቀቱ ላይ 100 የተጻፈለት፣ ዳገታችን ላይ 75 ቢሆን ነው። ስለዚህ በቁጥር አትኩራሩ። የድሮዋን ቮልስ እዩአት፤ 1200 ሲሲዋ 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራት። ሆኖም ሞተሯ የሚያሽከረክራቸውን የኋላ ጎማዎች ስለሚጫናቸው ጭቃውንም ዳገቱንም ቆንጥጣ ትወጣለች። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ይህ ሁሉ ሰው የገዛት ለፈረስ ጉልበቷ ነው እንዴ?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ወሬው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል። እውነቱን ለመናገር ዳገት ላይ አቻ የላትም፤ አየር ስለማታቃጥል ከፍታው ምኗም አይደለም፤ ገና ስትረግጧት ነው የምትወረወረው። ቁልቁለት ላይም ሞተሯ ራሱ እየያዘ ባትሪዋን ይሞላል። ሆኖም ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ያ መያዝ ይቀንሳል። ቤታችሁ ዳገት አናት ላይ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ባትሪውን ሙሉ በሙሉ አትሙሉት። ድምፅ የላትምና ለእግረኛም ተጠንቀቁ።

ወደ ውስጥ እንግባ። አንዲት ወጣት «መኪና ስመርጥ ምኑን ልይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ከቀለሙ በፊት ወንበሩን እይ አልኳት። ጀርባሽን አስደግፈሽ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፍ እንዳለ ይቅር፤ እጅሽን ስትዘረጊ አንጓሽ የመሪው አናት ላይ ይረፍ። ይህ ካልሆነ ወንበሩ የቆዳ ቢሆንም ላንቺ አልተሠራም። ዳሽቦርድ ላይ የሚነጠፈው ፀጉራም ጨርቅም ያምራል፤ ኤርባግ ባለበት መኪና ላይ ግን ኤርባጉ እንዳይወጣ ሊያፍነው ይችላል። ከመስታወቱ ላይ የሚንጠለጠለው አሻንጉሊትም እግረኛ ይጋርዳል። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ ፍጥነት መቁጠሪያዋ ዳሽቦርዱ መሀል ላይ ነበር። ይህን እወድላታለሁ፤ ከጎን የተቀመጠው ሰውም ፍጥነቱን ያያላ! ጉረኛ ሾፌር ግን አይወደውም።

አሁን የየዕለቱን አነዳድ በተመለከተ ሦስት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ በፎሌ ቁልቁለት አትውረዱ። ድሮ ካርቡራተር ላይ ትንሽ ነዳጅ ይቆጥብ ይሆናል። የዛሬው ኢንጀክሽን ሞተር ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ራሱ ቤንዚኑን ያቋርጣል። በፎሌ ስትሆኑ እንዲያውም ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። ጋራዣችን ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ መካኒክ «በወጣህበት ማርሽ ውረድበት» ይሉ ነበር።

ሁለተኛ፣ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ሲግል እርጥበቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ሞልቷል።

አብሮ አደጌ ቸርኬዎቹን ሸጦ ፍሬኑን አሠርቷል፤ ሞላዋንም ወደ ነበረበት መልሷል። አሁን ሰፈሩ ዞር ብሎ አያየውም። እሱ ይህ አላስጨነቀውም። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ እናቱ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ «ግድ የለም፣ በታክሲ እሄዳለሁ» ይሉታል። ፍሬን በአንድ ቀን ይጠገናል፤ የእናት እምነት ግን መለዋወጫ የለውም።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!