ቤቱ ሚሊዮን፣ ባለቤቱ ጡረተኛ

በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ ወይም እንጦጦን ተሻግረህ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ብትወጣ፣ ከአዳዲሶቹ ፎቆች መካከል ጎንበስ ያለች የጭቃ ቤት ማየትህ አይቀርም። ቆርቆሮዋ ዝጓል፤ በጓሮዋ ጌሾና ጥቂት ጎመን በቅሏል። ባለቤቷ ጡረተኛ ወይም ባላቸው የሞተባቸው እናት ናቸው። ዛሬ ያ ቦታ በደላላ አፍ በሚሊዮን ይጠራል፤ ባለቤቱ ግን የወር ጡረታቸውን ቆጥረው የሚያድሩ ናቸው።

እኔ አስተማሪ በመሆኔ ወረቀት የቸገረው ጎረቤት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። በቅርቡ አንድ የሰበታ ሽማግሌ፣ «እስቲ ልጄ፣ ይህን የንብረት ታክስ የሚሉትን አስረዳኝ። ቤቴን ያሸጠኛል ወይ?» አሉኝ። «ኧረ አባባ፣ አያሸጥዎትም» ልል ነበር፤ ሳላነብ መማል አልወደድሁምና ቀጠሮ ጠየቅሁ።

የንብረት ታክስ አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ነው። ታክሱ የሚታሰበው በንብረቱ ሙሉ ዋጋ ላይ ሳይሆን ከመቶ 25 በሆነው ላይ ነው። መጣኙም ለሕንፃ ከመቶ 0.1 እስከ 1፣ ለቦታ መጠቀሚያ መብት ከመቶ 0.2 እስከ 1 ነው፤ በዚህ መካከል ቁርጡን መወሰን የክልሎችና የከተሞች ፈንታ ነው። እንግዲህ ቤቱ 2,000,000 ብር ተገመተ እንበል። ሩቡ 500,000 ብር ነው። በዝቅተኛው መጣኝ በዓመት 500 ብር፣ በከፍተኛው 5,000 ብር ይሆናል፤ የቦታው ሒሳብ ለብቻው ነው። ለአንድ ቤት ዐሥር እጥፍ ልዩነት! ለደመወዝተኛ ቅሬታ ነው፤ ለጡረተኛ ግን የስንት ወር አስቤዛ ነው።

አዛውንቶቹን የሚያደናግራቸው ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና ግድግዳ ግብሯን ተመን ስታሻሽል ወሬው እስከ ቡራዩ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሸገር ከተማ ሲቋቋም በእርሱ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ የአዲስ አበባ መመሪያ እነርሱን አይገዛም። የሚጠየቁት የኦሮሚያ ክልልና የከተማው አስተዳደር ናቸው።

ለድኻ ማሰብ በአገራችን ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968፣ የዓመት ኪራይ ግምቱ ከ300 ብር በታች የሆነውን መኖሪያ ቤት ከቤት ግብር ነፃ አድርጎ ነበር። በወር 25 ብር መሆኑ ነው። በዚህ ኪራይ ዛሬ የዶሮ ቤትስ ይገኛል? ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ዘመኑ ጥሎት ሄደ። ከዚህም በላይ ያ ሕግ የሚያየው ቤቱን እንጂ የሰውየውን ኪስ አልነበረም።

ኪስ የሚያይ ሕግ በውጭ አገር አለ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ግብሩን ከአዛውንቱ ገቢ ጋር አመዛዝኖ ትርፉን የሚመልስ ሕግ አወጣ። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ 55 ዓመት የሞላው፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ወይም አካል ጉዳተኛ የሆነ ባለቤት ግብሩን እንዲያዘገይ ትፈቅዳለች፤ ዕዳው ከነወለዱ ቤቱ ሲሸጥ ይከፈላል። እኔ ይህን ሁለተኛውን እፈራዋለሁ፤ እኛ ዘንድ ወራሾች ያለ ዕዳም ይካሰሳሉ። የዊስኮንሲኑ ይሻለኛል፤ የጡረተኛው ገቢ በመንግሥት መዝገብ የተጻፈ ነውና። ጠላ ሸጣ የምታድረዋን ግን በምን መዝገብ እናገኛታለን? ምናልባት እድሯ ይመስክርላት።

አንተም ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሐፊ ብትሆን ለወላጆችህ ሦስት ነገር ተመልከትላቸው። የተለካው ስፋት ከካርታው ጋር ይስማማል ወይ? መኖሪያው ሱቅ ተብሎ አልተመዘገበም ወይ? ካርታው በሟች ስም ከሆነስ የወራሽነት ማስረጃ ወጥቷል ወይ? የዋጋው ግምት በጽሑፍ ይሰጣችሁ፤ ቅሬታ ካለም ቀኑ ሳያልፍ ይቅረብ።

በቀጠሯችን ቀን ሽማግሌው ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። የዘመናት ደረሰኝ በክር ታስሮ ተቀምጧል፤ አንድም አልጎደለም። ካርታውን ዘርግተው በጣታቸው አንድ ስም አሳዩኝ፤ የሟች ባለቤታቸው ስም ነው።

«እሷስ እንዴት ትሆናለች?» አሉኝ።

ሰኞ ጧት አብረን ሄደን እንጠይቃለን።