የፈረስና የአህያ ዘሮች መኖሪያ፤ ከደጋው እስከ ካንጋተን

በኢትዮጵያ ምድር ፈረስ፣ አህያና የሜዳ አህያ የሚኖሩበት ስፍራ በከፍታና በሙቀት፣ በዝንብና በበሽታ የተከፈለ ነው። ይህንን ክፍያ ማወቅ ለአራዊት ተመልካች ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ወደ ደቡብ ኦሞ ቆላ ዕቃ ለሚልክ ነጋዴም የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነው።

የፈረስ አገሩ ደጋ ነው። ቁጥሩ ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ የሚደርሰውን የኢትዮጵያ ፈረስ ሊቃውንት በስምንት ዓይነት ይለዩታል፤ ከእነዚህም መካከል የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮና የከፋ ፈረሶች ይገኛሉ። ከሐረር በስተምሥራቅ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ጌታ የሌላቸው ጥቂት ፈረሶች ይኖራሉ፤ ነገር ግን እነርሱም ከለማዳ ፈረስ ተወልደው ወደ ዱር የተመለሱ ናቸው እንጂ ከጥንት የዱር ፈረስ የወረዱ አይደሉም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ በኦሞ ቆላ ግን ለማድረሱም የሚበቃ አይደለም። ከጂንካ ደጋማ አገር ተነሥቶ በኦሞ ወንዝ ምዕራብ ዳር ወዳለችው የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ ወደ ካንጋተን የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ከ500 ሜትር በታች ወደሆነ ሐሩር ይገባል። በወንዙ ዳር ጥሻ የሚኖረው የቆላ ዝንብ ገንዲ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ፈረስም ይህንን በሽታ ፈጽሞ አይችለውም። ስለዚህ በዚያ አገር ሸክም ተሸካሚው አህያ ነው፤ አርብቶ አደሩም ሰፈር ሲለውጥ የቤት ዕቃውን በአህያ ይጭናል። ይሁን እንጂ አህያም ከገንዲ ነጻ ስላልሆነ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል።

በዚሁ አገር የሜዳ አህያ የተፈጥሮ ጎረቤት ነው። ሰፋፊ ዥንጉርጉር መስመር ያለው ዓይነት በኦሞና በማጎ ብሔራዊ ፓርኮች የሚታወቅ ነው፤ የኦሞ ፓርክ የተቋቋመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ነው። መስመሩ ቀጭን፣ ጆሮው ትልቅ የሆነው የግሬቪ የሜዳ አህያ ግን በጨው ባሕር አካባቢና በአፋር በአላይደጌ ይገኛል። ይህም ስም የወጣለት ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንዱን በስጦታ ስለላኩ ነው። ዛሬ ይህ እንስሳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ነው። የለማዳ አህያ ቅድመ አያት የሆነው የዱር አህያም በአፋር በረሃ ከመጥፋት አፋፍ ደርሷል።

ለነጋዴው ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ የዱር እንስሳ ቆዳ እንደ ተራ ሸቀጥ የሚታይ አለመሆኑ ነው። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ በዱር እንስሳት ውጤት መነገድን ይከለክላል፤ ኢትዮጵያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረትም የግሬቪ የሜዳ አህያና የዱር አህያ ቆዳ ለንግድ ወደ ውጭ አገር ሊላክ አይችልም።

ሁለተኛው የለማዳ አህያን ይመለከታል። ከአህያ ቆዳ የሚወጣው ሙጫ በቻይና ለባህል መድኃኒት ስለሚፈለግ፣ በብዙ የአፍሪካ አገሮች አህያ እየታረደና እየተሰረቀ ቁጥሩ ቀንሶ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በየካቲት 2016 ዓ.ም. ለቆዳው ሲባል አህያን ማረድ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወሰኑ። በኢትዮጵያ ወደ 10 ሚሊዮን የሚደርስ አህያ አለ፤ በቁጥርም ከዓለም ቀዳሚ ነው። የአንድ አህያ ቆዳ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ጀርባው ግን እህልን፣ ውሃን፣ ጨውንና ጨርቅን ለዓመታት ያጓጉዛል። መኪና በማይደርስበት መንደር ያለ ባለሱቅ መደርደሪያውን የሚሞላው በአህያ ጀርባ ስለ ሆነ፣ አህያ ባለቀበት አገር ገበያም አብሮ እንደሚያልቅ ላኪውም ሆነ ቸርቻሪው ሊያስተውለው ይገባል።