ሐዘንተኛው ማንን ይከሳል?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ በርሮ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ጊምቢቹ ወረዳ ውስጥ ካለ ማሳ ላይ ተከሰከሰ። የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አደጋው የደረሰው ምሥራቅ ሸዋ ነው፤ የሟቾቹ ቤተሰቦች አምራቹን ቦይንግን የከሰሱት ግን አሜሪካ፣ ቺካጎ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ኩባንያው ህዳር 2014 ላይ ካሳ የመክፈል ኃላፊነቱን አመነ፤ ቤተሰቦቹም ለመቅጫ ተብሎ የሚጨመረውን ካሳ ላለመጠየቅ ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ጥያቄ «ስንት?» የሚለው ብቻ ሆነ። አብዛኞቹ መዝገቦች በድርድር ተዘጉ። በጁሪ ፊት ታይቶ መጀመሪያ ፍርድ ያገኘው መዝገብ የተወሰነው ህዳር 2018 ላይ ሲሆን ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደ።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነው። እሺ፣ ከዚያ ማሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ሞጆ መንገድ ላይ በሲኖትራክ ተገጭቶ የሞተ ሰው ቤተሰብስ ምን ያገኛል?

ከሚያስደነግጠው ልጀምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘኑ ለራሱ፣ የሚከፈለው ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ስለነበር 1000 ብር 400 ዶላር ያህል ነበር። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። ቁጥሩ ግን አሁንም 1000 ነው። ዳኛው አንጀቱ ቢላወስም ከዚያ በላይ መፍረድ አይችልም፤ ይህን ማስተካከል የሕግ አውጪው ሥራ ነው፤ በእኔ ግምት እጅግ ዘግይቷል።

ስለዚህ እኛ ጋ ገንዘቡ ያለው በሐዘኑ ላይ ሳይሆን በቀለቡ ላይ ነው። ቁጥር 2095ን አንብቡት። በአደጋ ለሞተ ሰው ባል ወይም ሚስቱ፣ ወደ ላይ የሚቆጠሩ ወላጆቹ፣ ወደ ታች የሚቆጠሩ ተወላጆቹ በሞቱ ምክንያት የቀረባቸውን ጥቅም በራሳቸው ስም መጠየቅ ይችላሉ፤ ካሳውም በመተዳደሪያ ቀለብ መልክ ይታያል። «በራሳቸው ስም» የሚለውን ልብ በሉት። ይህ ከሟች የሚወረስ ሀብት አይደለም። ሚስት የምትጠይቀው የራሷን ጉዳት ነው፣ ልጅም የራሱን። ብዙ ሰው ወራሽነት አረጋግጦ ውርሱን ሲካፈል ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፤ የቀለቡ ካሳ ግን ከዚያ ውጭ ለብቻው ቆሞ ይጠብቃል። የጋብቻ ወረቀት የሌላት ሚስት ጋብቻዋን በምስክር ልታስረዳ ትችላለች። አባቱ ሲሞት ገና በማህፀን የነበረ ልጅም በሕይወት ከተወለደ ጥቅሙ ይጠበቅለታል፤ የሕጉ ቁጥር 2 ለእሱ ያሰበ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ወንድምና እህት የሉም። ሟቹ ታናናሾቹን ያስተምር ቢሆንም በዚህ ቁጥር የቀለብ ካሳ ጠያቂ አይሆኑም። በእኛ አገር አኗኗር ታላቅ ወንድም ስንት ቤት አባት ሆኖ እንደሚኖር ለምናውቅ ይህ ይከብዳል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው። አዳማ ላይ በወር 12,000 ብር የሚያገኝ ግንበኛ ሞተ እንበል። ለራሱ ያወጣ የነበረው 4,000 ብር ሲቀነስ ለቤቱ 8,000 ይቀራል፤ በዓመት 96,000 መሆኑ ነው። የመጨረሻ ልጁ የአራት ዓመት ከሆነ 18 እስኪሞላው 14 ዓመት አለ። በዚህ ብቻ 1,344,000 ብር ደረሰ። ፍርድ ቤት ይህን እንዳለ አይቀበልም፤ የሟቹን ዕድሜ፣ የሥራውን አስተማማኝነት፣ የሚስትየዋን ገቢ ያያል። ትክክለኛውን መጠን ማስረዳት ካልተቻለ ደግሞ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ይፈቅድለታል። ስለዚህ ለባጃጅ ነጂ ወይም ለጉሊት ነጋዴ ቤተሰብ «ደመወዝ ወረቀት የላችሁምና ካሳ የላችሁም» የሚል መልስ የመጨረሻ አይደለም። አብረውት የሠሩ ሰዎች ስለ ገቢው ሊመሰክሩ ይችላሉ። የሚከብደው ገና ተማሪ የነበረ ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ክርክር ነው፤ ሕጉ የወደፊት ጉዳትን የሚክሰው መድረሱ እርግጠኛ ሲሆን ነውና።

አሁን «ማንን?» ወደሚለው እንምጣ፤ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው። አደጋ ሲደርስ የሁሉም ዓይን ሾፌሩ ላይ ነው። እሱ ይታሰራል፣ እሱ ይረገማል። ቁጥር 2081 ግን የሚያየው ሊብሬውን ነው። የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ የነዳው ሰው ፈቃድ ሳይሰጠው የነዳ ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም፣ ቤቴ ተኝቼ ነበር» ቢል አይረዳውም። «ፍሬኑ በድንገት እምቢ አለ» ቢልም እንዲሁ። የሚያድነው በዚያ ሰዓት መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው፤ ወይም ደግሞ ጉዳቱ በተጎጂው በራሱ ጥፋት የደረሰ መሆኑን። ጥፋቱ ከፊሉ ብቻ የሟች ከሆነ ካሳው ይቀነሳል እንጂ አይጠፋም። ሁለት መኪኖች ከተጋጩ ደግሞ የአንዱ ጥፋት ካልተረጋገጠ በስተቀር ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ይቆጠርና ባለቤቶቹ ጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ።

ከአዳማ ወለንጪቲ፣ መተሐራ እያለ ወደ ጂቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ድንጋጌ ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቡት። ከባድ መኪና የሚነዳ ልጅ ብዙ ጊዜ ከደመወዙና ከውሎ አበሉ በቀር የሚያዝበት ንብረት የለውም። ተሳቢው ግን የሌላ ሰው ሀብት ነው። መኪናውን ሸጦ ስሙን ሳያዞር የቆየ ሰውም ቢሆን ያልጠበቀው መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል።

ጋሪም አለ፤ መቂና ሻሸመኔን ያለ ጋሪ ማን ያስባቸዋል? የእንስሳ ባለቤት ፈረሱ ደንብሮ ቢያመልጠው እንኳ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ደስ የሚል ነገር ግን አለው። ባለቤቱ ራሱ ካላጠፋ የቤት እንስሳውን ለተጎጂው ወገን አስረክቦ ከዕዳው መውጣት ይችላል። ለመኪና እንዲህ ያለ መውጫ የለም።

«ሶስተኛ ወገን አለው አይደል? ኢንሹራንሱ ይክፈል» የሚለው ንግግር ብዙ ቤተሰብ ያዘናጋል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው ከ5,000 ያላነሰ፣ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ነበር። እንዲህ ያለው ጣሪያ ሊከለስ ስለሚችል የወቅቱን መጠን ከመድን ድርጅቱ ጠይቁ። ዋናው ነጥብ ግን አይለወጥም፤ ጣሪያው የመድኑ ነው እንጂ የባለቤቱ ዕዳ ጣሪያ አይደለም። ከላይ ያሰላነውን 1,344,000 አስታውሱና ከ40,000 ጋር አስተያዩት። ልዩነቱን የሚከፍሉት ባለቤቱና ሾፌሩ ናቸው። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ደግሞ አዋጁ ለዚሁ ያቋቋመው የመድን ፈንድ አለ። እዚያ ለመድረስ አደጋው ለፖሊስ ተመዝግቦ መገኘት አለበት፤ ስለዚህ በሐዘኑ መሃል አንድ ዘመድ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርትና ፕላን፣ የሐኪም ቤቱንም ማስረጃ መከታተሉን አይርሳ።

ሟቹ ተሳፋሪ ከነበረ ጉዳዩ በማጓጓዝ ውልና በንግድ ሕጉ ስለሚታይ ስሌቱም ጣሪያውም ሌላ ነው። እዚህ ላይ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል።

ሾፌሩ በወንጀል የሚከሰስበት መዝገብ ለብቻው ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል በመነሻው ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስቀጣል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ ጽኑ እስራት ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ነው። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ መቀጮውም የሚገባው ለመንግሥት ነው። ቤተሰቡ በዚያው ችሎት ካሳ እንዲወሰንለት ክርክሩ ሲጀመር ማመልከት ይችላል፤ ዳኞች ግን ነገሩ የሚወሳሰብ ከመሰላቸው ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ሊመልሱት ይችላሉ።

ከዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስህተቶች ይመጣሉ። አንደኛው «ሾፌሩ ነፃ ወጥቷል፣ እንግዲህ አለቀ» ማለት ነው። አላለቀም። በቁጥር 2149 መሠረት የወንጀል ችሎት በነፃ ማሰናበቱ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስርም፤ የባለቤቱ ኃላፊነት ደግሞ ከመነሻውም ጥፋት አይፈልግም። ሁለተኛው የወንጀሉ ፍርድ እስኪወጣ ብሎ መቀመጥ ነው። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ፣ በቁጥር 2143 ሁለት ዓመት ነው። የድርጊቱ የወንጀል ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ እናንተ ግን ሁለቱን ዓመት ቁጠሩ። ከይርጋ ጋር ቁማር አይጫወቱም።

ሞቱ ሥራ ላይ ከሆነስ? አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ወንጂ ሸንኮራ ማሳ፣ ባቱ የአበባ እርሻ የሚውል ሰው ቤት ሁሉ ይህ ጥያቄ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ለሞተ ሠራተኛ ጥገኞች ክፍያ ደንግጓል፤ አሠሪው አላጠፋም ማለት አያስቀረውም። ድርጅቱ ባቀረበው የሠራተኛ ሰርቪስ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የደረሰ አደጋም የሥራ አደጋ ነው። በሰርቪሱ አደጋ የሞተች ሠራተኛ ቤተሰብ እንግዲህ የሚያንኳኳው የመኪናውን ባለቤት ብቻ ሳይሆን አሠሪዋንም ነው። ሰዓቱ ግን አጭር ነው፤ በአዋጁ የተለየ ጊዜ ካልተሰጠው የሥራ ክርክር በአንድ ዓመት ይታገዳል።

የመጨረሻው መንገድ፣ ለምሥራቅ ሸዋ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው፣ ሽማግሌ ነው። በኦሮሞ ባህል ሰው ሲሞት የገዳይና የሟች ወገኖች በጉማ ሥርዓት ካሳ ተቀባብለው ይታረቃሉ፤ ሳይታሰብ የደረሰ ሞትም ከሥርዓቱ አይወጣም። የኦሮሚያ ክልልም የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ቁጥር 240/2013 አቋቁሞ እውቅና ሰጥቷል። እኔ ጉማን የምወደው ከቺካጎው ጁሪ አቅም በላይ የሆነ ነገር ስለሚሠራ ነው፤ በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሁለት ቤተሰቦችን መልሶ ያነጋግራል። ዕርቁ ዐቃቤ ሕጉን ከወንጀል ክሱ አያስቆመውም፤ ዳኛው ቅጣት ሲወስን ግን ሊያየው ይችላል።

ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ከቀብር ማግስት፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣ «ከእንግዲህ ምንም የካሳ ጥያቄ የለንም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል፤ የፈረመች ሚስት ነገ ስሌቱን ብታውቀው መመለሻዋ ጠባብ ነው። እርቁን መቀበልና የፍትሐ ብሔር መብትን መተው ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ጽፎ ሌላውን አለመጻፍ ይቻላል። ለቀብርና ለተዝካር የተሰጠ ገንዘብም «ለቀብር ወጪ የተሰጠ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። የሕፃናቱን ድርሻ ደግሞ ሞግዚት ያልሆነ አጎት ፈርሞ ሊተወው አይችልም።

«ለዳኝነት የምንከፍለው የለንም» ለሚሉ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በደሃ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል፤ አቅም አለመኖሩን በማስረጃ አስደግፎ ማመልከት ነው። ክሱ አደጋው በደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ የአዳማው ሰው ዓለም ጤና ላይ ተገጭቶ ቢሞት፣ የመኪናው ባለቤትም የሻሸመኔ ነዋሪ ቢሆን፣ ቤተሰቡ ከሁለቱ አካባቢዎች የሚመቸውን መርጦ መዝገብ ያስከፍታል። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን የማይችል ተከራካሪ አስተርጓሚ ይጠይቅ።